የአሰገደች ክንድ

ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.
ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከቤቴ

ለዘመናይ ቢተው
ዱባይ

ሚስቴን የኮሮና መርፌ ሳትወጊ ወግቻታለሁ ብለሽ ጽፈሽ፣ የውሸት ካርድ አስይዘሽ ወደ ቤቴ መልሰሻታል። እሷ ሞታለች። እኔን ደግሞ ውሸትሽን በአገር ፊት ቆሞ የሚናገር ሰው አድርገሽኛል። በደልሽ ይህ ነው። ሰላምታ ያላስቀደምሁት ረስቼ አይደለም።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርሽ። በኅዳር መጨረሻ በሬ ልሸጥ አምበር ሄጄ ነበር። ጤና ጣቢያ ከአንቺ ጋር ይሠራ የነበረው አንተነህ እዚያ መድኃኒት ቤት ከፍቷል። ለጉልበቴ ቅባት ልገዛ ገባሁ። ወንበር ሰጠኝና አሰገደችን አንሥቶ አዘነ። እኔም «ምን ዋጋ አለው፤ እኔንም እሷንም እኩል ወጋችሁን፤ እኔ ቀረሁ፣ እሷ ሄደች። መርፌያችሁ ውሃ ነው» አልሁት። ፊቱ ተለዋወጠ።

«ጋሼ አንሙት፣ እርስዎን የወጋሁ እኔ ነኝ። እሳቸውን ግን ማንም አልወጋቸውም» አለኝ።

«ካርዱ ቤቴ አለ እኮ!»

«ካርዱማ ካርድ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው። የዚያን ቀን መዝገቡ ለአንደኛው ብልቃጥ አሥር ሰው ይላል፤ ብልቃጡ ውስጥ ግን የአንድ ሰው ተርፎ አገኘሁ። በመጋረጃው ጀርባ ሴቶቹን ትወጋ የነበረች ዘመናይ ናት። ብጠይቃት ‹የእትዬ አሰገደች ነው፤ ድፋው› አለችኝ። ደፋሁት።»

ይህን ሁሉ ጊዜ እንዴት ዝም አልህ ብዬ ብጠይቀው «እኔም ያኔ አልተወጋሁም ነበር፤ ምን አፍ አለኝ?» አለኝ። እሱን ትቼዋለሁ። ቢያንስ ፊት ለፊቴ ተናግሯል። አንቺ ግን ከአምስተኛ ክፍል እስከ አሥረኛ በቤቴ ያደግሽ፣ ጠጉርሽን አሰገደች ስትሠራልሽ የኖርሽ ልጅ ነሽ።

አሁን ሥራሽን ተመልከች። በመስከረም 2014 ሁለታችንም በአንድ ሳምንት ወደቅን። እኔ ተነሣሁ፤ እሷ አልተነሣችም። በአርባዋ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ «ይህ መርፌ ከንቱ ነው፤ ምስክሩ የሚስቴ መቃብር ነው» ብዬ ተናገርሁ። ቃሌ በዚህ አገር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ከስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ለቅሜ የተማርሁ ሰው ነኝ። ግን አዋጅ ቢመጣ የማነብ እኔ ነኝ፤ ደም የተቃባ ሲታረቅ የሚጠራ እኔ ነኝ። በኅዳር መርፌውን ይዘው ሲመለሱ ከሰፈራችን አንድ ሰው አልወጣላቸውም። በጥር የመሪጌታ ገዳሙ እናት ሞቱ። ጎረቤቴ አበባው አራት ልጅ ጥሎ ሞተ። አበባው «ጋሼ አንሙት አይሆንም ካለ አይሆንም» ብሎ ደጁ የመጡትን ሐኪሞች የመለሰ ሰው ነው። ሚስቱ ዛሬም ባገኘችኝ ቁጥር እጄን ትስማለች። በሳመችኝ ቁጥር አንቺን አስባለሁ።

ይህን ሳልመልስልሽ አልሞትም። እንዴት እንደምመልስልሽ እያሰብሁ ነው።

ስልኩ ከተዘጋ ወራት ስለሆነ ይህን በደብረ ማርቆሱ ነጋዴ በአብዱልዋሂድ እጅ ልኬዋለሁ። እህቱ ሸምሲያ ዕቃ ልታመጣ ወደ እናንተ ስለምትመላለስ ታደርስልሻለች።

የአባትሽ ታላቅ ወንድም
አንሙት ዓባይ


የካቲት 24 ቀን 2016 ዓ.ም.
ዱባይ

ይድረስ ለማከብርዎ ለአሳዳጊዬ ለጋሼ አንሙት ዓባይ

ለጤናዎ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ለመውለድ ተቃርባ የነበረችው ላም ወለደች ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እመብርሃን ዕድሜዎን ታርዝምልኝ።

ደብዳቤዎን ሸምሲያ የምሠራበት ክሊኒክ በር ላይ ሰጠችኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ከዚያ ገብቼ ለስምንት ሰው የደም ግፊት ለካሁ፤ የአንዱም ቁጥር አይታወሰኝም።

ጋሼ፣ አንተነህ ያለውን ሁሉ እንዳለ አይቀበሉት። ብልቃጥ አንዳንድ ጊዜ ለአሥራ አንድ ሰውም ይበቃል። የዚያን ቀን ሰዉ ብዙ ነበር፤ ሰው ሲበዛ ስሕተት ይፈጠራል። ደግሞ እትዬ ስኳር ነበረባቸው። አንድ መርፌ ብቻዋን ታድናቸው ነበር ብሎ የሚምል ሐኪም የለም። እኔም ሞታቸውን በሰማሁ ጊዜ በሰው አገር ለብቻዬ አልቅሻለሁ፤ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል።

በሸምሲያ እጅ የማንበቢያ መነጽር፣ ወፍራም ጃኬትና የጉልበት ቅባት ልኬልዎታለሁ። ሌላም የሚፈልጉት ካለ ይጻፉልኝ፤ ምንም ቢሆን እልካለሁ። አባቴ ግን ይህን ነገር እንዳይሰማ በእትዬ አጥንት እለምንዎታለሁ።

ልጅዎ ዘመናይ


መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዘመናይ ቢተው

ጤናዬን ጠይቀሻል፤ አለሁ። ላሟ ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው። ለጠየቅሽው መልሻለሁ። አሁን የጠየቅሁሽን መልሺ።

ስሕተት ይፈጠራል ብለሻል። ስሕተት ስም አይጽፍም። ካርዱ ላይ «ወ/ሮ አሰገደች ውበቱ» ብሎ የጻፈው፣ ቀኑን የሞላው፣ የብልቃጡን ቁጥር የገለበጠው፣ ከሥሩ የፈረመው የማን እጅ ነው? ያን እጅ የቤት ሥራ ሲሠራ ከጎኑ ተቀምጬ አይቸዋለሁና አውቀዋለሁ።

አንድ መርፌ ታድናት እንደነበር የሚምል ሐኪም የለም ብለሻል። እውነት ነው። እንዳላውቅ ያደረግሽኝ ግን አንቺ ነሽ።

አንተነህ ሌላም ነግሮኛል። ያለ መርፌ ዱባይ መግባት የለም ሲሉሽ በሐምሌ 2013 ደብረ ማርቆስ ሄደሽ ተወግተሻል። ለአሰገደች ያልታመነው መርፌ ለአውሮፕላን ሲሆን ታመነ። በዚያው ሳምንት ልትሰናበቺን መጥተሽ ከጎኗ ቁጭ ብለሽ በላሽ። በግ አርደንልሽ ነበር። «እትዬ፣ እኔ ተወጋሁ፤ ምንም አልሆንሁም፤ ይምጡ ነገ አብረን እንሂድ» ማለት ከአንድ ጉርሻ ይከብድ ነበር?

መነጽርሽን፣ ጃኬትሽንና ቅባትሽን ሳልፈታ መልሻለሁ። ከአንቺ እጅ የሚመጣ መድኃኒት ቤቴ አይገባም።

የሚፈልጉትን ይጻፉልኝ ብለሽ የለ? ይኸውልሽ። ያደረግሽውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የተባለውን ሁሉ፣ አንድም ሳታስቀሪ በእጅሽ ጻፊ። ፈርሚ። አሽገሽ ላኪ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ውሸትሽን እውነት ብዬ በተናገርሁበት ደጅ ቆሜ ለሰው ሁሉ አነበዋለሁ። ከዚያ ወረቀቱ የሙያ ፈቃድ ለሰጡሽ ሰዎች ይደርሳል። ሐኪም ተብለሽ በተጠራሽበት ሁሉ ይህም አብሮሽ ይጠራ።

አንሙት ዓባይ


ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.
ዱባይ

ለጋሼ አንሙት

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰዎ። ምርቃትዎን ያገኘሁባቸውን ዓመታት እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፈው።

እሺ ጋሼ። አልወጋኋቸውም።

ያኔ ምን እንደነበርን ግን ይወቁልኝ። በጤና ጣቢያው አሥራ አንድ ነበርን። ክትባቱ ከማንም በፊት ለእኛ ነው የመጣው። የተወጉት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ኃላፊው፣ አንዲት አዋላጅና ዘበኛው። ዘበኛውም ቢሆን ከበሽታው ይልቅ ኃላፊውን ፈርቶ ነው። ሥልጠናው ግማሽ ቀን ነበር። «ውጉ» አሉን እንጂ «እናንተስ ምን ያስፈራችኋል?» ያለን የለም። በየስልካችን ደም ያረጋል፣ ሴት ያመክናል የሚል ይላካል፤ በምሳ ሰዓት እያነበብን እርስ በርስ እንተያያለን። ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው ወሬ አያምንም ብለው እንዳያስቡ። ከሰው ሁሉ ቀድመን ያመንነው እኛ ነን። ሰው ሲመጣ «ጥሩ ነው፣ ይወጉ» እንላለን። «አንቺስ?» ሲለን ወደ መዝገቡ እናጎነብሳለን።

በሐምሌ ስወጋ ያሰብኩት ሥራዬን ብቻ ነው። ሦስት ቀን ክንዴን አመመኝ፤ በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። ለእትዬ የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ። የጻፍኩትን ካርድ ይቅደዱት ማለት ካርዱን ከመጻፍ ይልቅ ከበደኝ።

ጋሼ፣ በደጅ አያንብቡት። አባቴ የሚያስቀድሰው እዚያ ነው። ፈቃዴ ከታገደ እዚህ አንድ ቀን አልቆይም፤ ሌላ ሙያ የለኝም። በሌላ በፈለጉት ይቅጡኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። በመጋረጃው ጀርባ የተባለ ነገር አለ። እሱን ለብቻዎ መስማት ይገባዎታል። አስቀድሜ ለእርስዎ ብቻ ልጻፍልዎ። ከሰሙ በኋላ ይነበብ ካሉ ይነበብ፤ ያን ጊዜ አልቃወምም። የምለምነው ይህን ብቻ ነው።

ዘመናይ


ሰኔ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዘመናይ ቢተው

ለብቻዎ ልጻፍልዎ ብለሻል። አይሆንም።

ሠላሳ ዓመት ደም አድርቄአለሁ። ገዳይ ቃሉን አስቀድሞ ለብቻዬ ሹክ እንዲለኝ ፈቅጄ አላውቅም። ለብቻ የተሰማ ቃል ይለዝባል፤ ከዚህም ከዚያም ይቆረጥለታል። በእኔ ሽምግልና ገዳይ ከሁለቱ ወገን መካከል ቆሞ በአፉ ይናገራል፤ እኔም ከሰው ሁሉ ጋር እኩል እሰማለሁ። ለሌላው የሠራሁትን ሕግ ለወንድሜ ልጅ አላጎብጠውም። ወረቀትሽ እንደታሸገ መሪጌታ ገዳሙ ዘንድ ይቀመጣል። በደጁ፣ በሰው ፊት ይከፈታል። ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አንድም ሳልዘል አነባለሁ። ይህን ለሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ።

አባትሽ ሰምቷል። እኔ አልነገርሁትም፤ አንተነህ ለእኔ የከፈተውን አፍ ለሌላም ከፍቶታል። ባለፈው እሑድ ቢተው ሦስት ሽማግሌ አስከትሎ፣ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ ቆመ። «አንሙት ወንድሜ፣ ስለ እግዚአብሔር» አለ። ወጉን ታውቂያለሽ፤ ተበዳይ አውርድ እስኪለው ድንጋዩ አይወርድም። አላልሁም። ዝናቡ መጣ።

«ቢተው፣ አንተ ማንን ገደልህና ነው የምትሸከም? ለልጅህ ላክላት» አልሁት።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «እንዴ አንሙት፣ የእናትህ ልጅ እኮ ነው!» አለኝ።

«ከከበደው አግዙታ፤ ሦስት ናችሁ» አልሁት።

ካፖርቴን ደርቤ በሬ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ዝናቡ በጆሮው ግንድ ይወርድ ነበር። ጉልበቱ ሲከዳው ሽማግሌዎቹ አወረዱለትና ደግፈው ወሰዱት። እንዲህ ያደረገችው ልጁ ናት።

እስከ እንቁጣጣሽ ካልደረሰኝ ካርዱንና አንተነህን ይዤ ራሴ ወደ አለቆችሽ እሄዳለሁ።

አንሙት ዓባይ


ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.
ዱባይ

ለጋሼ አንሙት ዓባይ

አባቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጋ ላይ እንደከረመ ከሸምሲያ ሰማሁ። እንግዲህ የምጠብቀው የለኝም።

የታሸገው አብሮ ተልኳል። አንድም ሳታስቀሪ ስላሉኝ አንድም አላስቀረሁም። አሁንም ደግሜ እለምንዎታለሁ፤ አስቀድመው ለብቻዎ ይክፈቱት። ለራሴ ብዬ አይደለም።

ዘመናይ


(የታሸገው)

ለሰፈሬ ሰዎች

እኔ ነርስ ዘመናይ ቢተው፣ ግንቦት 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ወ/ሮ አሰገደች ውበቱን ሳልወጋ ወግቻለሁ ብዬ በካርድና በመዝገብ ጽፌአለሁ። ጋሼ አንሙት መርፌው ከንቱ ነው ያሏችሁ የእኔን ካርድ አምነው ነው። ውሸቱ የእኔ ነው። በዚህ ምክንያት ሳትወጉ ለቀራችሁ፣ ሰው ለሞተባችሁ፣ በደለኛችሁ እኔ ነኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ገብተው ተቀመጡ። እጅጌያቸውን አልሰበሰቡም።

«ዘመንዬ፣ አንቺ ተወግተሻል?» አሉኝ።

ወደ መዝገቡ አጎነበስኩ።

«እስቲ ክንድሽን አሳዪኝ» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ።

«አልተወጋሁም እትዬ፤ እኔም ፈራሁ» አልኳቸው።

ሳቃቸው ቆመ። «ሐኪሟ የፈራችውን እኔ ምን ቤት ነኝ? አትውጊኝ» አሉ።

እርስዎ ስኳር አለብዎት፣ ከእኔ ይልቅ ለእርስዎ ያስፈልጋል ማለት ነበረብኝ። ሥራዬ ይህ ነበር። አላልኩም፤ እኔም አላመንኩበትም ነበርና። «እንግዲያው ለጋሼ አልተወጋሁም ይበሏቸው» አልኳቸው።

«ለአንሙት? አብደሻል እንዴ? ሰውየውን ታውቂው የለ? ትወጊያለሽ ብሎ አምጥቶኛል። ሳልወጋ ብወጣ እዚሁ ሰው ፊት ያዋርደኛል። ያዋርደኝ፤ እሱንስ ለምጀዋለሁ። አምና ሳልጠይቀው ለእህቴ አንዲት ጠቦት ብሰጥ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ዘጋኝ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ፣ ሦስት ወር አንድ ቃል! ከበሽታውም ከመርፌውም የምፈራው እሱን ነው ልጄ። ሁለተኛ አልችለውም። ጻፊልኝና በሰላም ቤቴ ልግባ» አሉኝ።

ጻፍኩላቸው። ክንዳቸው ላይ ጥጥ ለጠፍኩላቸው። ሲወጡ ጋሼ «አመመሽ ወይ?» ሲሏቸው ሰማሁ። «ምንም አላለኝ» አሉ።

ዘመናይ ቢተው (ፊርማ)


መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዘመናይ ቢተው

ወረቀትሽ እሑድ መስከረም አምስት ከቅዳሴ በኋላ ተነብቧል። መሪጌታ ገዳሙ ማሸጊያው እንዳልተነካ ለሰው አሳይቶ ቀደደውና ሰጠኝ። ደጁ ሞልቶ ነበር። አባትሽም ተነሥቶ መጥቷል፤ ከጽዱ ሥር ለብቻው ቆሟል።

«ውሸቱ የእኔ ነው» የሚለው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አባትሽ ጋቢውን ተከናነበ። አየሁት፤ ደስም አለኝ። አልደብቅሽም።

ከዚያ ወደ መጋረጃው ደረስሁ። «አብደሻል እንዴ?» የሚለውን ሳነብ ከወንዶቹ በኩል ሳቅ ተሰማ። የእሷ አነጋገር ነው፤ አወቁት። ቀጥሎ ያለውን ግን ዓይኔ ከአፌ ቀድሞ አየው። መሪጌታ ገዳሙ ከጎኔ ሆኖ ወረቀቱን ያይ ነበርና «በቃ አንሙት፤ ለሰው የሚያስፈልገው ተነብቧል» አለኝ ቀስ ብሎ። አንድም ሳልዘል አነባለሁ ብዬ ነበር። አነበብሁ። ጠቦቲቱን፣ ሦስቱን ወር፣ የፈራችው ማንን እንደሆነ፣ ከዚያም ከጥጡ እስከ ፊርማሽ። ድምፄ ተቆረጠ ብሎ የሚጽፍልሽ ሰው ቢኖር ዋሽቷል።

ስጨርስ ቀና ብዬ ወደ ሴቶቹ በኩል አየሁ። ከአሰገደች ጋር ውሃ የወረዱ፣ ገበያ የወጡ ሴቶች ናቸው። አንዷ «ይህስ ውሸት ነው፤ እንዲህ አላለችም» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ ጠበቅሁ። አንዷም አላለች። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ቀድማ ወጥታ የሄደችው የአበባው ሚስት ናት።

ለብቻዬ ልታሰሚኝ ሁለት ጊዜ ጠይቀሻል። አልፈቀድሁም። በዚህ አልከስሽም።

ግን አልማርሁሽም። ማንንም ትፍራ ማንን፣ ከመጋረጃው ጀርባ ከፊቷ የተቀመጠው ሐኪም ነበር። ያ ሐኪም እኔ አልነበርሁም። መርፌው በእጅሽ ነበር። ትናንት ደብረ ማርቆስ ወርጄ ወረቀትሽንና ካርዱን ለሚመለከተው ሰው በእጄ ሰጥቻለሁ። ፈቃድሽን ቢነጥቁሽ የፈለግሁት ነው። ቢተዉልሽም እኔ የድርሻዬን አድርጌአለሁ።

ሽምግልናውን ለቅቄአለሁ። ለመሪጌታ ገዳሙ ስነግረው ለምን አላለኝም።

ይቅርታ አልሰጠሁም። ከማንም አልጠየቅሁም። ከእሑድ ወዲህ ሰዎች ደጄ እየመጡ «ስለ አሰገደች...» ብለው ይጀምሩኛል፤ በሩን እዘጋባቸዋለሁ። አባትሽም መጥቶ ነበር፤ ዘግቼበታለሁ። አንቺም ይህን ነገር አንሥተሽ ብትጽፊ ሳልከፍት እመልሰዋለሁ። በዚህ ነገር ላይ ከአንቺም፣ ከአባትሽም፣ ከቄስም ጋር የምለዋወጠው ቃል የለኝም። ከዚህ መስመር በኋላ አልናገረውም።

አንሙት ዓባይ